የባሌ ስም በአልጋ ሰባት

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጆሮም የሌለው የሚመስላቸው አሉ። በፊቴ ያወራሉ፣ በላዬ አልፈው ያወራሉ፣ ስለ እኔ ያወራሉ፤ እኔ እንደ ወንበር እዚያው ተቀምጫለሁ። ሐኪም ቤት ስሄድ ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙ "የት ላይ ነው የሚያማቸው?" ብሎ የሚጠይቀው ይዛኝ የሄደችውን ልጅ ነው። ጉልበቱ የእኔ፣ መልሱ የእሷ! አንዱን "ልጄ፣ ጉልበቴ አፍ የለውም እንጂ እኔ አለኝ" ብለው ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ይህን የምትጽፍልኝ የሴት ልጄ ልጅ ናት። ድንቢጥ እላታለሁ፤ ስትወለድ እፍኝ አትሞላም ነበር። አሁን የሕክምና ተማሪ ናት፣ አምስተኛ ዓመት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ከዚያ መልሳ ታነብልኛለች። ያለሰለሰችው ካለ አስጠፋታለሁ።

የባሌን ስም እዚህ አትፈልጉ። አርባ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር በአፌ ጠርቼው አላውቅም። በእኛ ጊዜ ሚስት የባሏን ስም እንደ ማንኪያ አታነሳም አትጥልም። "ስማ" እለዋለሁ፣ ይሰማል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ለጎረቤቱ ግንበኛው ነበር፣ ለልጆቹ አባባ። ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ስሙን እንደ ንጹሕ ነጠላ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር የኖርኩት።

እንግዲህ ያን ቀን ጉልበቴን ራጅ ተነስቼ ጨረስኩ። ልጄ የዚያው ሆስፒታል ሐኪም ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ። መቼም እዚያ ድረስ ሄጄ ሳላየው አልመለስም ብዬ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣሁት። ሲስተሯ "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ይጠብቁ" ብላ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ሰጠችኝ። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ወለሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። አንዱ ጎማው የሚያለቅስ ጋሪ ሄደ፣ መጣ።

ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች ከአንዲት ትልቅ ሐኪም ኋላ ተከትለው መጡ። ስድስት ይሆናሉ። በር ላይ ቆሙ፣ ልክ ከጎኔ። አንዱ ካርዱን ገለጠና እንደ ዳዊት ደጋሚ ይወርደው ጀመር፦ "አልጋ ሰባት፣ ዕድሜ አርባ ስምንት፣ ሴት፣ ልብስ ሰፊ..." አለና ቀጥሎ የባሌን ስም ጠራ። ከስሙ ላይ "ሲንድሮም" የምትል ቃል ለጠፈ።

ጆሮዬ ደህና ነው። ጥርሴ ነው የሄደው እንጂ ጆሮዬ አልሄደም።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "ማን አልክ አንተ?" አልኩት።

ልጁ ዞር አለ። "አቤት እማማ?"

"አሁን የጠራኸው ስም የማን ነው?"

"የበሽታ ስም ነው እማማ። ይቀመጡ፣ ይደክምዎታል።"

"የበሽታ ስም? የጠራኸው የሰው ስም ነው። የሰው ብቻ አይደለም፣ የእኔ ሰው ስም ነው! አፈር ካለበሱት ዘጠኝ ዓመቱ!"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ቀጭን ልጅ ለጓደኛዋ፣ እኔ እንዳልሰማ አስመስላ፣ "የየትኛው ክፍል ታካሚ ናቸው?" አለች። ሌላው "አልጋቸውን ትተው ወጥተው ይሆናል" አለ። ያኔ ደሜ ወደ አናቴ ወጣ። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ኮሪደር ላይ ቆመሽ "ይህ የሞተው ባሌ ስም ነው" ብለሽ ስትጮኺ ማን ያምንሻል? እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ሲስተሯ ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘችና ለትልቋ ሐኪም በጆሮዋ አንሾካሾከችላት፦ "የዶክተር እናት ናቸው።" ሐኪሟ ደነገጠች። ልጆቹ ዓይናቸውን ወደ ካርዱ ሰበሩ። ከዚያ የጠፋባቸው ዕቃ ያለ ይመስል ተራ በተራ ሹልክ ሹልክ አሉ።

እኔ ግን አልጋ ሰባትን ሳላይ ልቀመጥ ነው? የባሌን ስም ተሸክማ የተኛችውን ሳላያት?

አልተኛችም። ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። የሆስፒታል ፒጃማ ለብሳ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ይዛ፣ የእግሯ ጣቶች ልክ ኮሪደሩ አልቆ ክፍሉ የሚጀምርበት መስመር ላይ ናቸው። አንዲት ጣት አልፋ አልሄደችም። ውስጥ አልጋዋ ተነጥፏል፣ ምሳዋ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እሷ ቆማለች።

ከእኔ በፊት ያወቃት እግሬ ነው። መስመሩ ጋ ሲደርስ እሱም ቆመ።

"ምን እየጠበቅሽ ነው ልጄ?" አልኳት።

ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። "ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቁኛል" አለች። "ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ቀንሺ ይሉኛል። ይህንን የጠየቀኝ የለም።"

"እኔ ጠየቅኩሽ።"

"እህቴን" አለች። "ሃያ ዓመት አብረን ሰፍተናል። ሱቁን እሷ ናት የምትከፍተው፤ እኔ ኋላ ነው የምገባው።" ዓይኗን ወደ መስመሩ መለሰች። እህቷ የት እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እኔም ሳላስብ ቀድሜያት ገባሁ። ክፍሉ መሀል ቆሜ ዞርኩና "ግቢ" አልኳት።

አየችኝ፣ አየችኝ። ራሷን ነቀነቀች። "እርስዎ አይደሉማ" አለች።

አፈርኩ። እውነቷን ነው፤ እኔ አይደለሁማ።

ወርጄ ድንቢጥን አስጠራኋት። እዚያው ሆስፒታል ነው የምትማረው። ግቢው ውስጥ፣ አምቡላንስ የሚቆምበት ጎን፣ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ አገኘችኝ። ፊቴን ስታይ ጉልበቴን የሚቆርጡት መሰላት።

"የአያትሽን ስም በሽታ አድርገውታል" አልኳት። "እውነት ነው ውሸት?"

ቀለሟ ሄደ። የጋውኗን ቁልፍ ትፈታ ትቆልፍ ጀመር። መልሱ ወጥቷል።

"ታውቂ ነበር?"

"ሁሉም ያውቃል እማማ።"

"ሁሉም ማለት ከእኔ በቀር ሁሉም ነው?"

"እንዳትደነግጪ ብለን ነው።"

"ይኸው አልደነገጥኩም! ደስ አይልሽም?"

እጄን ያዘች። ልታስረዳኝ ጀመረች። አዲስ በሽታ መጀመሪያ አይቶ የጻፈው ሐኪም ስሙ ለበሽታው ይሰጣል አለችኝ። "አልዛይመር ሲባል ሰምተሽ የለ? እሱ የሰው ስም ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ኮርሳኮፍ የሚባልም አለ፣ እሱም የአእምሮ ሐኪም። በእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ሞልቷል።"

"አልዛይመር ሰው ነው?" አልኳት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የበላይዋ ጎረቤቴ ስለ እናቷ "አልዛይመር ሆነችብኝ" እያለች ሁለት ዓመት አልቅሳብኛለች። ለካ የሰው አባት ስም ይዘን ነው ያን ሁሉ ያለቀስነው! "ቤተሰቡስ ዝም አለ? ልጆቹስ ትምህርት ቤት ስማቸው ሲጠራ ምን ሆኑ?"

"እነሱ እንደ ክብር ነው የሚያዩት እማማ።"

"እሺ ይሁን፣ እነሱ ያክብሩት። አያትሽ ግን ሐኪም ነው? ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ምን አይቶ፣ ምን ጽፎ?"

ነገሩ እንዲህ ነው አለችኝ። ውጭ አገር ሰው የሚታወቀው በኋለኛው ስሙ ነው። የእነሱ የኋለኛው ስም ከቅድመ አያት ጀምሮ የወረደ የቤተሰብ ስም ነው፤ የእኛ የኋለኛው ስም አባት ነው። ልጄ ይህን በሽታ መጀመሪያ አይቶ የጻፈው ላይ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። እዚያ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር አነበበውና ወደደው። በሺህ ሰው ፊት ሲናገርለት የልጄን ስም ጥሎ የአባቱን አነሳ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ቀረ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በሆስፒታል አልጋ ላይ ይውላል ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

"አንብቢልኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"የጻፈውን ነዋ! ስልክሽ ውስጥ ሁሉ ነገር አለ ትዪ የለ?"

እያቅማማች አወጣችው። ከእንግሊዝኛው እየገለበጠች ታነብልኝ ጀመር። ደጃፍ ላይ ደርቀው የሚቀሩ ሰዎች ይላል። የቅርብ ሰው የሞተባቸው ይላል። አሥራ ሁለት ሰው አግኝቻለሁ ይላል። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና "ሁለተኛው ታካሚ..." ብላ ቀጠለች።

"ቁሚ። አንደኛው የት ሄደ?"

"አልዘለልኩም እኮ።"

"ዘለልሽ እንጂ! ዓይንሽ አምስት መስመር ሲወርድ አፍሽ ዝም ብሎ ነበር። ማንበብ ባልችል የሚያነብ ሰው ማየት አያቅተኝም። አንብቢ!"

ወደ ላይ መለሰችና አነበበች። "አንደኛዋ ታካሚ። የስድሳ አራት ዓመት ሴት። ያልተማሩ። ባላቸው ግንበኛ የነበሩ። ባላቸው በሞቱ በሦስተኛው ሳምንት ከገበያ ሲመለሱ ገዛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ እስከ አርባ ደቂቃ ሲቆሙ ታይተዋል። ወደ ውስጥ የመግባት ፍርሃት አለባቸው። ምክንያቱን መግለጽ አይችሉም። በክኒን ሕክምና በአራት ወር ሙሉ በሙሉ ድነዋል።"

አምቡላንሱ ገባ፣ ሰው አወረደ፣ ወጣ። እኔ እዚያው ነኝ።

እኔ ነኝ። አንደኛዋ እኔ ነኝ። የወለድኩት ልጅ፣ ጡቴን ያጠባሁት፣ እንደ እንግዳ መንገደኛ ከሩቅ ቆሞ ሰዓት ይዞብኝ ኖሯል!

መግለጽ አይችሉም? ጠይቆኝ ነው ያልገለጽኩት?

ይኸው ልግለጸው። ባሌ ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ አሮጌ ቤት ሊጠግኑ ሄደው፣ ጓደኛው ቀድሞ ገባና ጣሪያው ተደረመሰበት። በገዛ እጁ ቆፍሮ አወጣው፤ ሕይወቱ ግን አልተረፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ያላየው ቤት ማንም ቀድሞት አይገባም። የሰርግ ቤት ይሁን፣ የለቅሶ ቤት ይሁን፣ ክሊኒክ ይሁን፣ የገዛ ቤታችንም ይሁን፣ ቀድሞ ይገባል፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ "ግቢ" ይለኛል። ሴቶቹ "ባልሽ ቀድሞሽ ይገባል፣ ትዕቢተኛ" ይሉኝ ነበር። ምን ያውቃሉ? እኔ አርባ አንድ ዓመት በሰላም የገባሁት በዚያች ቃል ነው።

ከሞተ በኋላ ከገበያ ስመለስ ደጃፉ ላይ ደረስኩ። ያቺ ቃል የለችም። መሞቱን አጥቼው አይደለም፤ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ፈርቼም አይደለም። "ግቢ" ያለኝ ስለሌለ ነው የቆምኩት። እንግዲህ ይህ በሽታ ከሆነ ይሁን፤ ግን የራሱ ምክንያት ያለው ነገር ነው።

ተነሳሁ። ድንቢጥ "እማማ ቀስ በይ፣ ደረጃው..." ትላለች። ጉልበቴን ያኔ ማን አስታወሰው?

የልጄን ቢሮ አላንኳኳሁም። ስብሰባው አልቆ ወረቀት ላይ አቀርቅሯል። ግድግዳው ላይ በመስታወት የታሰረ የምስክር ወረቀት ሞልቷል። ከኋላዬ ድንቢጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

"እማዬ! ራጁ ምን አለ?"

"ራጁን ተወው። አባትህን ለምን በሽታ አደረግኸው?"

ድንቢጥን አያት። እሷ ጫማዋን አየች። "ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"ኮሪደሩ ነው የነገረኝ። በዚህ ቤት ከእኔ የተደበቀው ነገር ሁሉ ኮሪደር ላይ በጩኸት ይነገራል!"

"ተቀመጪ እስቲ። ስሙን እኔ አላወጣሁትም። እነሱ ናቸው። ደግሞ ክብር እኮ ነው እማዬ፤ ስንት አገር ያለ ሐኪም የአባባን ስም..."

"የአባባን ስም ምን? 'የእሱ በሽታ ይዟታል' ይላል! አባትህን ሲያነጥሰው እንኳ ያየ የለም! ዛሬ አንዷን ምስኪን በእሱ ስም ክኒን ያስውጧታል።"

"ስም አንዴ ከወጣ ምን ይደረጋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

"አፋፍ ድረስ ሄደህ መልሰዋ! እግር የለህም?"

ሊስቅ ነበር። ሳይስቅ ተወው፣ ምክንያቱም ቀጥዬ "አንደኛዋ ታካሚ ማን ናት?" አልኩት።

ብዕሩን አንስቶ ክዳኑን ይከፍት ይዘጋ ጀመር።

"ስምሽ የለበትም" አለ ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማንም አንቺ መሆንሽን አያውቅም። ሕጉም እንዲያ ነው፤ የታካሚ ስም አይጻፍም።"

"እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ! መኖር የሌለበት ስም አለ፣ መኖር ያለበት ስም የለም። እሺ፣ ታካሚህ መሆኔንስ እኔ አውቅ ነበር? ለደም ነው ብለህ ያመጣህልኝ ያ ነጭ ክኒን ነው አይደል?"

"ከነገርኩሽ አትወስጂም ብዬ ፈርቼ ነው።"

"ሳትነግረኝም አልወሰድኩትም።"

ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። "ምን?"

"አንዷን ዋጥኳት። ሁለት ቀን እንደ ጆንያ ተጋደምኩ። የቀረውን ሽንት ቤት ጨመርኩት፣ አራት ወር ሙሉ፣ አንተ ባመጣህ ቁጥር። 'ዋጥሽው ወይ?' ስትለኝ 'እግዜር ይስጥልኝ' እል ነበር። ዋጥኩ ብዬ አልዋሸሁህም፤ አንተ ነህ የመሰለህ።"

ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ እንደዚያ ግድግዳ ነጭ ሆነ። "እማዬ፣ አትቀልጂ። አንቺ ስለዳንሽ እኮ ነው ለሌሎቹ ሁሉ... መጠኑን ሁሉ ካንቺ ተነስቼ ነው የጻፍኩት። ታዲያ በምን ዳንሽ?"

"ይኸውልህ" አልኩት፣ "በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ጥያቄህ።"

ወደ ድንቢጥ ጠቆምኩ። "በዚች ነው የዳንኩት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እናቷ ከእኔ ጋር እንድታድር የላከቻት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንደ ነፋስ በአጠገቤ ታልፋለች፣ ቦርሳዋን ትወረውራለች፣ ከውስጥ 'እማማ ግቢ እንጂ፣ ራበኝ!' ትላለች። ቀድሞ የገባ ሰው ሲጠራኝ እኔም እገባለሁ። በቃ። መድኃኒቱ ረሃብ የያዛት ልጅ ነበረች። አባትህ ቀድሞ ገብቶ 'ግቢ' ይል እንደነበር ረሳኸው? አንተንስ 'ግባ' ብሎህ አያውቅም?"

ልጄ ቁጭ አለ። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገው። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል፤ በዚያች ሰዓት ግን ከደጅ ቆሞ የሚጠራውን የሚጠብቅ ሕፃን መስሎ ታየኝ። ላቅፈው እጄን ስዘረጋ ያቺ ልብስ ሰፊ ትዝ አለችኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ።

"አልጋ ሰባት ያንኑ ክኒን ነው የምትውጠው?"

"አዎ" አለ። ዓይኔን አላየም። "ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። መጠኑን ትናንት ጨምረንላታል።"

ድንቢጥ "አጎቴ!" አለች።

"ስማኝ" አልኩት። "የበሽታ ስም መጀመሪያ ላየው ነው ትላላችሁ። ያየኸው አንተ ነህ። ለታመመው ነው ካላችሁም ቆሜ የከረምኩት እኔ ነኝ። አባትህ አላየ፣ አልቆመ፤ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር! ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲል ሰምቻለሁ። የእምዬን ወደ አብዬ የላከከ ግን አንተን አየሁ።"

"ምን ላድርግ እማዬ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?"

"መጀመሪያ ተነስና አልጋ ሰባት ሂድ። ካርድ ሳትይዝ ሂድ። እህቷ ሱቁን እንዴት ትከፍት እንደነበር ጠይቃት፣ እስክትጨርስ ስማት፣ ክኒኑን ምን እንደምታደርገው ከዚያ በኋላ አስብ። ተመልሰህ ና፣ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ለዚያ ፕሮፌሰር ዛሬውኑ፣ በፊቴ ትጽፋለህ። አንደኛዋ ሴት ክኒኑን አልዋጠችም በል። ለምን እንደቆመች ሳልጠይቃት ነው የጻፍኩት በል። የአባቴን ስም መልሱልኝ በል። ያለ ስም አንኖርም ካሉ የእኔን ስጣቸው፤ ግን የእኔን ብቻ ጻፍ፣ የአባቴን እንዳትጨምር፤ እነዚያ ሰዎች የኋለኛውን ነው የሚያነሱት።"